የእጅ ሰርኩላር ስኳድራ አልጠብቅ አለኝ፤ ከየቱ ልጀምር?

ሳንቃ_ማራኪ

ሰላም ጓዶች። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ቁም ሳጥንና የኩሽና ካቢኔት እሠራለሁ። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ) በእጅ ሰርኩላር ስቆርጥ ስኳድራው (90 ዲግሪው) አልመጣ አለኝ። ማሽኑ 185 ሚሊ ዲስክ የሚይዝ 1400 ዋት ነው፤ ዲስኩ አብሮት የመጣው ባለ 24 ጥርስ ነው። በእርሳስ አሰምሬ፣ 20 በ40 ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) በሁለት ክላምፕ አስሬ፣ እሱን መሪ አድርጌ የማሽኑን ጎን በሱ ላይ እያስጠጋሁ እገፋለሁ።

የሚያስቸግረኝ፦ 60 ሳ.ሜ. ወርድ ስቆርጥ ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ያህል ይዛነፋል። ረጅም ስቆርጥ ደግሞ ጫፍና ጫፉ ልክ ሆኖ መሃሉ ይጎብጣል። የተቆረጠው ፊት ራሱ ትንሽ ዘመም ያለ ነው፤ ሁለት ጎን ሲገጠም በስንጥቁ ብርሃን ይታያል። ላይኛው ፊት ይሸራረፋል። ማሽኑ ነው፣ መሪው ነው፣ ወይስ ዲስኩ? ባለ ጠረጴዛውን ሰርኩላር ለጊዜው አቅሜ አይፈቅድም፤ ሥራውም ብዙውን ጊዜ ደንበኛ ቤት ሄዶ የሚቆረጥ ነው።

ቱምቢ

አራት ነገር ነው የጠየቅኸው፤ ምክንያታቸውም አራት ነው። ባንዴ ልታርማቸው ብትነሳ የቱ እንደተስተካከለ አታውቅም።

መጀመሪያ የ3 ሚሊውን መዛነፍ በማሽኑ ላይ አታላክክ። ማሽኑ መሪው ወደወሰደው ነው የሚሄደው። ዲስኩ ከቤዙ (ከስር ካለው ጠፍጣፋ ብረት) ጠርዝ ጋር ትይዩ ባይሆን እንኳ፣ የሚቆረጠው መስመር ከመሪው ጋር ትይዩ ሆኖ ነው የሚወጣው። የዚያ ጉድለት ምልክቱ ሌላ ነው፦ የኋላ ጥርሶች ጎኑን እየፋቁ ያልፋሉ፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ዲስኩ ከራሱ ውፍረት በላይ ይበላል፣ ማሽኑ ሲገፋ ይከብዳል። የተዛነፈው ግን ቱቦላሬው ሲታሰር ነው፣ ወይም ስኳድራህ (የ90 ዲግሪ መለኪያው) ራሱ ውሸታም ነው።

ስለዚህ ከስኳድራው ጀምር። ቀጥ ያለ የፋብሪካ ጠርዝ ካለው ኤምዲኤፍ ላይ አስደግፈህ በካተር ጫፍ ቀጭን መስመር አሰምር፤ ስኳድራውን ገልብጠህ ከዚያው ነጥብ ተነስተህ ሌላ መስመር አሰምር። ሁለቱ ከተደራረቡ ስኳድራው ደህና ነው። እየራቁ ከሄዱ የምታየው ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው። በ30 ሳ.ሜ. ላይ 1 ሚሊ ከተከፈተ ስኳድራው 0.5 ሚሊ ይዋሻል፤ 60 ሳ.ሜ. ላይ 1 ሚሊ ይሆንብሃል ማለት ነው። ለትልቅ ሥራ ባለ 30 ሳ.ሜ. ስኳድራ መስመር ለመጀመር እንጂ ለመጨረስ አይሆንም፤ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ለክተህ ሰያፉ 100 መሆኑን በሜትር አረጋግጥ።

ቀጥሎ ዘመሙ። ማሽኑን ከሶኬት ንቀለው፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ዲስኩን እስከ ጥልቁ አውጣ፣ ማሽኑን ገልብጠህ መከለያውን ያዝ፣ ስኳድራውን ቤዙ ላይ አቁመህ ወደ ዲስኩ አስጠጋ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የካርባይድ ጥርስ ከዲስኩ አካል ወደ ጎን ወጣ ያለ ስለሆነ ስኳድራው ጥርስ ላይ ካረፈ ያሳስታል። በሁለት ጥርሶች መካከል አስገብተህ የዲስኩን አካል ብቻ አስነካው። ብርሃን ከላይ ወይም ከታች ከታየ የዘመሙን ማሰሪያ ፈትተህ አስተካክል። አንዳንድ ማሽን ላይ 90 ዲግሪው የሚቆምበት ትንሽ ብሎን ከቤዙ ስር አለ፤ በኤሌን ቁልፍ ይዞራል። ብሎን የሌለው ከሆነ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠ ቁራጭ ማስገባት ይቻላል፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ለስለስ ያለ ማስተካከያ ይሰጣል። ካጠበቅህ በኋላ እንደገና ለካ። ቤዙ ስስ ላሜራ የሆነ ማሽን ማሰሪያው ሲጠብቅ ይጣመማል፣ የጥልቀቱን ማሰሪያ ስትነካም ይዞራል። በዚህ ዓይነቱ ላይ ጥልቀት በተቀየረ ቁጥር 90ውን ማየት ግድ ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ግን የተቆረጠው እንጨት ነው። 5 በ7 ሳ.ሜ. ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን እንጨት) በጠፍጣፋው አስተኝተህ ቁረጠው፤ አንዱን ቁራጭ ላዩ ታች እንዲሆን ገልብጠህ የተቆረጡትን ፊቶች አገናኝ፣ ከጎን እይ። አንድ ዲግሪ ስህተት በ5 ሳ.ሜ. ውፍረት ላይ 0.9 ሚሊ ነው፤ ሲገለበጥ 1.7 ሚሊ ሆኖ ይታያል። በ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ላይ ግን ያው አንድ ዲግሪ 0.3 ብቻ ስለሆነ ዓይን ያመልጣል። ለዚህ ነው በወፍራም እንጨት ፈትኖ በቀጭን መሥራት የሚሻለው።

ትይዩነቱን ለማየት አንድ ጥርስ በማርከር ምልክት አድርግ። ያንን ጥርስ ወደ ፊት አዙረህ እስከ ቤዙ ጠርዝ ለካ፣ ከዚያ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙረህ ለካ። ሌላ ጥርስ ላይ ከለካህ የዲስኩ መወላገድ ይገባበታል። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ካልበለጠ አትነካካው።

ዋንዛና_ጥድ

የቱምቢን ሁሉ ይዤ፣ መሃሉ የሚጎብጠው ቱቦላሬው ነው። የ20 በ40 ቱቦላሬ 1.5 ሚሊ ውፍረቱ ደህና ቢሆንም መጋዘን ውስጥ ተደራርቦ ስለሚቀመጥ ጎብጦ ወይም ተጣሞ ነው የሚገዛው። በባለ 20ው ጎኑ ላይ አቁመህ ካሰርከው ደግሞ ወደ ጎን ለመለመጥ ይቀለዋል፤ 40ውን አስተኛው። ቀጥታነቱን እንደ ስኳድራው ፈትን፦ አሰምር፣ ዙረህ በሌላው በኩል አስጠግተህ እንደገና አሰምር። መስመሮቹ መሃል ላይ እንደ ዓሣ ሆድ ከተከፈቱ ለመሪነት አይሆንም። አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ቁርጥራጭ ፕሮፋይል ይተርፋቸዋል፤ 1.5 ሜትር የሚሆን ካገኘህ ከብረቱ በጣም ይሻላል፣ ቀላልም ነው።

ሁለት ክላምፕ ጫፍና ጫፍ ታስሮ መሃሉን በማሽኑ ጎን እየገፋህ ከሆነ ቀጥ ያለውም ይለመጣል። እጅህ ማሽኑን ወደ ፊት እንጂ ወደ መሪው አጥብቆ መግፋት የለበትም፤ ተነካክቶ መሄዱ ይበቃል።

እኔ ግን ቱቦላሬውን ትተህ የመሪ ሰሌዳ ሥራ ነው የምልህ። አንዴ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ከቤዝ ጠርዝ እስከ ዲስክ መለካት የሚባል ነገር የለም።

የሚያስፈልገው 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ በ30 ሳ.ሜ. ወርድ፣ ላዩ ላይ የሚጣበቅ 9 ወይም 12 ሚሊ ኤምዲኤፍ ክፋይ በ8 ሳ.ሜ. ወርድ፣ ኮላ፣ አጫጭር የእንጨት ብሎን። ክፋዩ ከፋብሪካ የወጣ ጠርዝ ያለው ይሁን፤ ማሽኑ የሚንሸራተተው በዚያ ጠርዝ ነው። 18 ሚሊ አትጠቀም። ዲስኩ ጠለቅ ሲል የሞተሩ ቤት ወደ ታች ይወርዳልና ክፋዩን ይመታዋል። ርዝመቱ ለ60 ሳ.ሜ. ሥራ 90 ይሁን፣ ኮምፔርሳቶን በወርዱ (122) ለመቁረጥ 150። ትርፉ ለጌጥ አይደለም፤ ዲስኩ እንጨቱን ሳይነካ ማሽኑ ቤዙ ሙሉ ተቀምጦ መነሳት አለበት። ስትጀምር ግማሽ ቤዝ አየር ላይ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 5 ሳ.ሜ. ሁልጊዜ ጠማማ ናቸው።

ክፋዩን ስታጣብቅ ከሱ ወዲህ የሚተርፈው ኮምፔርሳቶ ከዲስኩ እስከ ቤዙ ሰፊ ጎን ካለው ርቀት 1 ሳ.ሜ. ያህል ይብለጥ። ብሎኑ ከስር ይግባ፣ ራሱ ይቀበር። ኮላው ሲደርቅ ማሽኑን በክፋዩ ላይ አስደግፈህ ትርፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁረጠው። አሁን የኮምፔርሳቶው ጠርዝ ዲስኩ የሚያልፍበት ትክክለኛ መስመር ሆነ። ሰሌዳውን በምታስቀረው እንጨት ላይ አድርገህ ጠርዙን መስመሩ ላይ ካሳረፍህ ዲስኩ የሚበላው (2.4 ሚሊ ይሁን 1.8) ሁሉ ከሚጣለው በኩል ይሄዳል። ከዚያ ሰሌዳው የዚያ ማሽንና የዚያ ዲስክ ነው። በወፈረ ወይም በሳሳ ዲስክ ከሄድክበት ጠርዙ ይዋሻል፤ ላዩ ላይ ጻፍበት።

ለስኳድራው ከሰሌዳው ስር፣ ከፊት ጫፉ 20 ሳ.ሜ. ገባ ብለህ፣ ከተቆረጠው ጠርዝ ጋር 90 የሚሆን ማስደገፊያ እንጨት ግጠም። እሱ የኤምዲኤፉን ጎን ሲነካ ሰሌዳው ራሱ ስኳድራ ይይዛል። መጀመሪያ ከመቁረጫው ጠርዝ አጠገብ ባለው አንድ ብሎን ብቻ እሰረው፣ ሌላኛውን ጫፍ በክላምፕ ያዝ፣ ቆርጠህ ፈትን፣ ካስተካከልክ በኋላ ሁለተኛውን ብሎን አስገባ። ኮላ አትቀባው።

የዲስኩ ጥልቀት፦ 18 ለእንጨቱ፣ 4 ለሰሌዳው፣ ከስር 5 የሚወጣ፤ 27 ሚሊ።

አራዳ_ካቢኔት

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ባለ ትልቅ ማሽን ወርክሾፕ ወስዶ በዝርዝር ማስቆረጥ ነው። ስኳድራውም ጠርዙም ንጹህ ሆኖ ይመጣል።

ቱምቢ

ሙሉ ቁም ሳጥን ከሆነ እውነት ነው፣ አስቆርጥ። ግን ደንበኛ ቤት ግድግዳው ዘመም ብሎ የመጨረሻው ጎን 8 ሚሊ ሲተርፍ አንድ ሳንቃ ጭነህ አትመለስም። ወርክሾፕ የተቆረጠውንም ዲያጎናሉን (ከማዕዘን ማዕዘን ሰያፉን) ሳትለካ አትገጥም። 60 በ80 የሆነ ሳንቃ በወርዱ 3 ሚሊ ከተገፋ ሁለቱ ዲያጎናሎች በ5 ሚሊ ያህል ይለያያሉ፤ በሜትር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዲያጎናል እኩል መሆኑ ብቻውን ግን አያሳምንህ። ሁለቱ ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ እኩል ከተዛነፉ ዲያጎናሉ እኩል ሆኖ ሳንቃው ትራፔዝ ነው። ላይና ታቹንም ለካ።

አዘዞ_ጣውላ

ስለ መሸራረፉ ማንም አልመለሰም። የእጅ ሰርኩላር ፊት ለፊቱ ያሉት ጥርሶች ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆርጡት። ጥርሱ እንጨቱን የሚለቀው በላይኛው ፊት ስለሆነ የሚሸረፈውም እሱ ነው። ስለዚህ የሚታየው ፊት ወደ ታች፣ ምልክቱ በጀርባው። የጠረጴዛው ሰርኩላር ተቃራኒ ነው፤ ከዚያ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ዋንዛና_ጥድ ያለው ሰሌዳ በራሱ ግማሹን ይፈታዋል፣ ጠርዙ መስመሩ ድረስ እንጨቱን ተጭኖ ስለሚይዝ። ግን የሚጠብቀው ከስሩ ያለውን እንጂ የሚጣለውን ጎን አይደለም። ሁለቱም ቁራጭ የሚያስፈልግህ ከሆነ መስመሩን በካተር ሁለት ሦስት ጊዜ ብጣው፤ ሜላሚን ከሆነ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነህ ቁረጥ፣ ፕላስተሩን ወደ መቁረጫው አቅጣጫ ላጠው።

ባለ 24ውን ዲስክ ለሞራሌና ለረጅም ስንጠቃ አስቀምጠው። ለኤምዲኤፍ፣ ለቺፑድና ለኮምፔርሳቶ ባለ 40 ዝቅተኛው ነው፣ 60 ደግሞ ንጹህ። ባለ 60ው ዝግ ብሎ ይገፋል፤ በወፍራም ዋንዛ ላይ ረጅም ከሰነጠቅህበት ይሞቃል፣ ያቃጥላል። ቅዳሜ ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዛ ውጫዊውን ልክ ብቻ አትይ፣ ቀዳዳውን እይ። 185 ሚሊ ሆኖ ቀዳዳው 16፣ 20 ወይም 30 የሚሆን አለ። ትልቁ በቀለበት ይጠብባል፤ ቀለበቱ ከሌለ ዲስኩ መሃሉን ስቶ ይዞራል፣ የተቆረጠውም ፊት ሞገድ ይሠራል። ቀለበቱ ከዲስኩ ወፍሮ ወጣ ካለም ዲስኩን የሚይዘው ሮንዴላ በደንብ አይጨብጥም። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም። በነገራችን ላይ ባለ ጥርስ የእንጨት ዲስክ ግራይንደር ላይ የምታስሩ ሰዎች ተዉ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ይዞራል፣ ሰርኩላር ወደ 5,000 ነው፤ መከለያውም ለዚህ አልተሠራም።

መብራቱንም አትርሳ። 1400 ዋት በ220 ቮልት 6.4 አምፔር ይስባል። 30 ሜትር ኤክስቴንሽን በ0.75 ካሬ ሚሊ ገመድ ብቻውን 9 ቮልት ገደማ ይበላል፤ በ2.5 ከሆነ ከ3 በታች ነው። ማታ መብራቱ ራሱ ወርዶ ከሆነ ይሄ ሲጨመር ማሽኑ ፍጥነቱን ይጥላል፣ አንተ ደግሞ ሳታውቀው ትገፋዋለህ፣ ዲስኩ ይለመጥና መስመሩ ይጣመማል። ድምፁ ሲወፍር እጅህን አቅልል። የተጠቀለለውን ኤክስቴንሽንም ሙሉ ፈትተህ ተጠቀም፤ ተጠቅልሎ ይሞቃል።

ከስር የምታስቀምጠው ነገር ላይ ችላ አትበል። ሳንቃውን ሁለት ጫፉን ብቻ በርጩማ ላይ አስቀምጠህ መሃሉን ከቆረጥክ ወደ ታች ይለመጥና መቁረጫው ዲስኩን ይነክሰዋል፤ ያኔ ማሽኑ ወደ አንተ ይራገጣል። አራት ሞራሌ መሬት ላይ ደርድር፣ ሁለቱ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በ10 ሳ.ሜ. ርቀት፣ ሁለቱ ዳር ዳር። ሲቆረጥም ማንኛውም ቁራጭ አይወድቅም። ከዲስኩ ኋላ በመስመሩ ላይ አትቁም። መከለያው ራሱ ተመልሶ የማይዘጋ ማሽን ሳይጠገን አይሠራበትም፤ በሽቦ አስሮ ክፍት ማድረግ የሚባለው ልማድ ጣት ያስከፍላል። ኤምዲኤፍ አቧራው ክፉ ነው፣ ማስክ።

ሳንቃ_ማራኪ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አያ ቱምቢ፣ 90ውን እንዳሉት በጥርሶቹ መካከል አስተካከልኩት፣ ሞራሌው ሲገለበጥ አሁን ብርሃን አያሳይም። ሰሌዳውንም ሠራሁ። 60 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው ኤምዲኤፍ፣ ሁለት ጎኑ ትይዩ መሆኑን ለክቼ፣ ቆረጥኩትና የሚጣለውን ቁራጭ ፊቱን ወደ ታች ገልብጬ ከቀሪው ጋር ቀጥ ባለ ነገር ላይ ገጠምኩት። ማስደገፊያው ከነካው ጎን ይነካካሉ፣ ራቅ ባለው ጫፍ ግን 4 ሚሊ ይከፈታል። ማስደገፊያውን ወዴትና ምን ያህል ላንቀሳቅሰው? በዓይን ግምት ስነካካው ይብስብኛል።

ቱምቢ

በግምት አይሆንም፣ ሒሳብ ነው። ስትገለብጠው ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ታየህ፤ እውነተኛው 2 ሚሊ በ60 ሳ.ሜ. ነው። ክፍተቱ ራቅ ባለው ጫፍ ስለሆነ የምታስቀረው ሳንቃ እዚያ ላይ 2 ሚሊ አጥሯል፤ ዲስኩ ወደ ሚቀረው በኩል እያዘነበለ ነው። ክፍተቱ በማስደገፊያው ጎን ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ነበር።

በማስደገፊያው ሁለት ብሎኖች መካከል ስንት አለ? 24 ሳ.ሜ. ነው እንበል። 2 ሲባዛ በ24፣ ሲካፈል ለ60፣ 0.8 ሚሊ። ከመቁረጫው አጠገብ ያለውን ብሎን እንደ ማጠፊያ ተወው፤ ራቅ ያለውን ጫፍ 0.8 ሚሊ ወደ ራስህ፣ ማለትም ከኤምዲኤፉ ወደ ውጭ አምጣው። ያኔ ማስደገፊያው ሳንቃውን ሲነካ ሰሌዳው ይዞርና የዲስኩ መስመር ራቅ ባለው ጫፍ ወደሚጣለው በኩል ይሄዳል።

0.8ን በሜትር አትፈልገው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንድ ቅጠል 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። ሰሌዳውን ገልብጠህ፣ ክላምፑን ሳትፈታ፣ ከማስደገፊያው ራቅ ካለ ጫፍ ጎን በአንተ በኩል ትንሽ እንጨት አስጠጋ፤ በመካከሉ 8 ቅጠል ይግባ፤ እንጨቱን በብሎን እሰር። ወረቀቱን አውጣ፣ ክላምፑን አላላ፣ ማስደገፊያው እንጨቱን እስኪነካ ግፋው፣ እሰር። ሌላ ቁራጭ ቆርጠህ ገልብጠህ እይ። 0.5 ሚሊ ካልሞላ ሁለተኛውን ብሎን አስገባ፤ ለካቢኔት ከዚያ በላይ አታሳድደው። ጠጣር ጣውላ ከሆነ ግን ሁለቱንም ጫፍ ከአንድ ጎን ብቻ ተነስተህ ቁረጥ። የዋንዛ ጣውላ ሁለት ጎኑ ትይዩ ሆኖ አይገኝም፣ አንዱን ጫፍ ከግራ ሌላውን ከቀኝ ጎን ካስደገፍህ ሰሌዳህ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን ሳንቃው ከስኳድራ ይወጣል።